የባሕር ኦተር የማን ዘመድ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከሰበታ እስከ ሰንዳፋ ባሉ ትምህርት ቤቶች ባሕር የሚታየው በመጽሐፍና በቴሌቪዥን ነው። በጀርባው ተንሳፎ፣ ድንጋይ ደረቱ ላይ አስቀምጦ ዛጎል የሚሰብረው የባሕር ኦተርም ከዓሣ ነባሪና ከዶልፊን ጋር በአንድ ረድፍ ይጻፋል። ይህ መታረም አለበት።

«የባሕር አጥቢዎች ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው።»

አይደሉም። «የባሕር አጥቢ» የኑሮ ስም እንጂ የዘር ስም አይደለም፤ እንስሳቱ ከየብስ ወደ ውሃ የገቡት በተለያየ ዘመን፣ ከተለያየ ዘር ነው። ለዓሣ ነባሪ በሕይወት ካሉት ሁሉ የሚቀርበው ጉማሬ ነው። በቀይ ባሕር ሣር የሚግጠው ዱጎንግ የዝሆን ወገን ነው። በየገደሉ ፀሐይ የሚሞቀው ሽኮኮ ሳይቀር ከእነዚህ ይቆጠራል፤ የላይኛው የፊት ጥርሱ እንደ ዝሆን ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። የባሕር ኦተር ግን እንደ ውሻና እንደ ጅብ በሥጋ በሎች ክፍለመደብ ውስጥ ነው። የእኛው ኦተር፣ በጣና ገባር ወንዞች ሸርጣንና ዓሣ የሚያድነው፣ የሥጋ ዘመዱ ነው። ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓምድ ይሠመር፦ አንዱ «የት ይኖራል»፣ ሌላው «ዘሩ ምንድን ነው»።

«በውሃ ውስጥ ይተነፍሳል።»

በሳንባ ነው የሚተነፍሰው፤ ለመተንፈስ ወደ ላይ ይወጣል።

«እንደ ዓሣ ነባሪ ወፍራም ስብ ያሞቀዋል።»

ከቆዳው ሥር እንዲህ ያለ ስብ የለውም። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ100,000 በላይ ሊደርስ የሚችለው ጠጉሩ አየር ይዞ ቀዝቃዛውን የሰሜን ፓስፊክ ውሃ ከቆዳው ያርቃል። ቀኑን ሙሉ ጠጉሩን ማሸቱና ማበጠሩም ጨዋታ አይደለም፤ አየሩን መልሶ እያስገባ ነው። ያም ሆኖ ሙቀቱን ለመጠበቅ 30 ኪሎ የሚመዝነው በቀን ከ6 እስከ 7 ኪሎ ተኩል ይበላል።

ይህን በክፍል ማሳየት ይቻላል። መዳፍ የሚያህል የአጎዛ ቁራጭ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በጣት ጫን በሉት፤ አረፋው እየተንተከተከ ይወጣል፤ ያ አየሩ ነው። ተቀምጠውበት የተደፈጠጠ አሮጌ አጎዛ አይሆንም፣ አየር እምብዛም አይዝም። ከዚያ አድርቁትና ሁለት ማንኪያ የምግብ ዘይት አፍስሱበት። ጠጉሩ ተጣብቆ ይቋጠራል፣ በመሃሉም ቆዳው ብቅ ይላል። በ1989 እ.ኤ.አ. በአላስካ ዳርቻ የነዳጅ መርከብ ድፍድፍ ዘይት ሲያፈስ በኦተሮቹ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ውሃው ቆዳቸው ድረስ ገብቶ ብዙዎቹ በብርድ አለቁ።