የዋልነት የቤት ዕቃን መስመሩን ሳይሸፍኑ ማጥቆር

የጥቁር ዋልነት መሐለኛ እንጨት ጠቆር ያለ ቡኒ ሲሆን ከቅርፊቱ ሥር ያለው ክፍል ግን ክሬም ይመስላል። የቼሪ እንጨት ብርሃን ባገኘው ቁጥር ይጠቁራል፤ ዋልነት በተቃራኒው ዓመታት ሲያልፉ ወደ ወርቃማነት ይገረጣል። የማጥቆር ሥራ የሚያስፈልገው የገረጣውን ለመመለስ ወይም ነጣ ያለውን ክፍል ከመሐለኛው ጋር ለማስማማት ነው።

ዋልነት በአውሮፓ የቤት ዕቃ ሥራ ለረጅም ጊዜ የከበረ እንጨት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1709 የደረሰው ብርቱ ውርጭ ብዙ ዛፍ ከገደለ በኋላ ማሆጋኒ ቦታውን ወሰደ።

የቀለም ምርጫው ሥራውን ይወስነዋል። በቆርቆሮ የሚሸጠው ፒግመንት ያለበት ቀለም ደቃቅ ዱቄት ስለሆነ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይከማቻል፤ ሲደራረብ የእንጨቱን የተፈጥሮ መስመር እንደ ጭቃ ይደፍነዋል። የሚሟሟ ቀለም ግን ወደ ጭረቱ (ወደ እንጨቱ ክሮች) ዘልቆ ስለሚገባ መስመሩ ከሥሩ ይታያል። ከእነዚህ ውስጥ ነባሩና እስካሁን ተወዳዳሪ ያላገኘው የቫን ዳይክ ክሪስታል የሚባለው በውኃ የሚሟሟ ቡኒ ቀለም ነው። 50 ግራም በአንድ ሊትር ሙቅ ውኃ ይሟሟል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በጨርቅ ይጠለላል። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት አቅጥኖ ሁለት ጊዜ መቀባት ይሻላል።

ቀለሙ ከመነካቱ በፊት እንጨቱ በ120፣ በ150 እና በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ከዚያ በእርጥብ ስፖንጅ ይታሻል፤ ሲደርቅ የቆመው ጭረት በ220 ቀለል ተደርጎ ይነሳል። ይህ ከተዘለለ ውኃማው ቀለም ራሱ ጭረቱን ያስነሳና ገጹ ይሻክራል። እርጥበቱ የተረሳ ሙጫንም ያጋልጣል፤ ሙጫ ያለበት ቦታ ቀለም ስለማይጠጣ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ አስቀድሞ መፋቅ አለበት። የተቆረጠው ጫፍ ከጎኑ ይልቅ ስለሚጠጣ እስከ 320 ይፈገፈጋል። ቁመታም ገጽ ከታች ወደ ላይ ይቀባል፤ ከላይ ከተጀመረ የሚንጠባጠበው ቀለም በደረቁ እንጨት ላይ መስመር ይተዋል። የተረፈው ወዲያው በጭረቱ አቅጣጫ ይጠረጋል።

ቀለሙ ሲደርቅ ደብዝዞ አመድማ ይመስላል፤ እውነተኛው መልክ የሚታየው የመጨረሻው ቫርኒሽ ሲቀባ ነው። ስለዚህ ሙከራው ከዚያው እንጨት በተቆረጠ ቁራጭ ላይ እስከ ቫርኒሹ ድረስ መሄድ አለበት።

ነባር ዕቃ ከሆነ የቀድሞው ቫርኒሽ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ገጹ ቬኒር (በሙጫ የተለጠፈ ስስ የእንጨት ንጣፍ) ከሆነ ብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ ይበሳዋል፣ ብዙ ውኃም የድሮውን ሙጫ ይለቀዋል፤ እዚህ ላይ በአልኮል የሚሟሟ ቀለም ይመረጣል።

በኮምጣጤ የተሟሟ ብረት በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ጋር ተዋህዶ ያጠቁራል፤ ነገር ግን የዋልነትን ሙቀት ገድሎ ወደ ግራጫ ይወስደዋል። በአሞኒያ ጭስ ማጥቆር በዋልነት ላይ የሚሰጠው ለውጥ ከኦክ ያነሰ ነው ይባላል። ሌላው የማጥቆሪያ ኬሚካል፣ ፖታሲየም ዳይክሮሜት፣ ግን ካንሰር አምጪ ስለሆነ ከሥራ ቦታ መራቅ አለበት።

ከቀለሙ በላይ ሰሙ የወጣለት ጎማላካ፣ 120 ግራም በአንድ ሊትር አልኮል፣ ሳይደጋግሙ በፍጥነት ይቀባል፤ ያለዚህ ውኃማ ቫርኒሽ ቀለሙን መልሶ ያሟሟዋል። የተልባ ዘይት ብቻውንም ቀለሙን ጠቆር ያደርገዋል፤ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ግን ራሱን ስለሚያቀጣጥል ተዘርግቶ ይደርቃል ወይም በውኃ ይነከራል።