«አፕዴት የሚጠላ ሰው ኋላ ቀር ነው» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

የለመዱት አፕ በአንድ ሌሊት መልኩን ቀይሮ ሲጠብቃቸው የሚናደዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ቅሬታቸውን ግን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። «ሶፍትዌሩ ባለበት ይቆይልኝ» ማለት በቂ ምክንያት ያለው ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጉዳይ ደጋግመው የሚነሱትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ለውጥ የሚጠሉት መማር ስለሚሰለቻቸው ነው»

መማሩንማ አንዴ ተምረዋል። አንድን ፕሮግራም በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ቁልፎቹን በዓይኑ አይፈልግም፤ እጁ ያውቃቸዋል። ሐሳቡ ያለው ሥራው ላይ ነው። ቁልፉ ከቦታው ሲነሳ ሥራውን ትቶ መሣሪያውን መፈለግ ይጀምራል።

በዕድሜ የገፉ አንዲት እናትን አስቡ። ልጃቸው በወረቀት ጽፎላቸዋል፦ «መጀመሪያ አረንጓዴውን ይንኩ። ከዚያ ስሜን። ከዚያ ከላይ በስተቀኝ ያለችውን የካሜራ ምልክት።» በዚያች ወረቀት እየተመሩ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ ያወራሉ። አንድ ቀን አፑ አፕዴት ይደረጋል። ካሜራዋ ወደ ታች ወርዳለች፤ በቦታዋ ሌላ ምልክት ገብቷል። እሳቸውም ስልኩን ያበላሹት ራሳቸው ይመስላቸዋል። ይፈራሉ፤ ከዚያ በኋላ መንካቱንም ይተዋሉ። ይህንን ስንፍና ማለት ግፍ ነው።

በስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀሙ ዓይነ ስውራንም የምልክቶቹን ቅደም ተከተል በቃላቸው ይዘው ነው የሚሠሩት። ለሚያየው ሰው ትንሽ የሆነች ለውጥ እነሱን እንደገና ከዜሮ ታስጀምራለች።

«ለጊዜው ያጉረመርማሉ እንጂ ይለምዱታል»

ብዙ ጊዜ ይለምዱታል፤ ሌላ ምርጫ የላቸውማ! ግን ሁሌም አይደለም። ማይክሮሶፍት ከ1995 ጀምሮ ሰው የለመደውን የስታርት ቁልፍ በ2012 ከዊንዶውስ 8 አነሳው። ተጠቃሚው አልተቀበለውም። በ2013 በዊንዶውስ 8.1 ቁልፉ ተመለሰ፤ ቁልፉ ሲነካ የሚከፈተው የስታርት ሜኑ ደግሞ በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ተመለሰ። ስናፕቻት የተባለው የፎቶና የመልእክት መለዋወጫ አፕ በ2018 መልኩን ሲቀይር ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የቀድሞው ይመለስልን ብለው ፈረሙ። በዚያው ዓመት የዕለት ተጠቃሚዎቹ ከ191 ሚሊዮን ወደ 188 ሚሊዮን ወረዱ። ኩባንያው ራሱ ዋናው ምክንያት የመልክ ለውጡ መሆኑን ተናግሯል።

«አፕዴት ያው አፕዴት ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመጡልናል። አንደኛው ጥገና ነው፦ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ሁለተኛው አዲስ መልክና አዲስ አገልግሎት ነው።

ጥገናው የግድ ነው። ማይክሮሶፍት በመጋቢት 2017 አንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። በግንቦት ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ የኮምፒውተር ጥቃት በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ከ150 በላይ አገሮችን አዳረሰ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የታካሚዎች ቀጠሮ ተሰረዘ። ጥገናውን በጊዜ የጫኑት ግን ቀዳዳቸው ተደፍኖ ነበር። ስለዚህ «እኔ አፕዴት የሚባል ነገር አልነካም» ማለትም አደገኛ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን አፕዴቱን ያጠፋዋል? ሁለቱ በአንድ ላይ ታስረው ስለሚመጡ ነው። ቀዳዳው እንዲደፈንለት የፈለገ ሰው አዲሱን ሜኑም ሳይፈልግ ይቀበላል። አንዳንዴም የባሰ ይመጣል። በጥቅምት 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፋይል በማጥፋቱ ማይክሮሶፍት ሥርጭቱን በቀናት ውስጥ አቁሟል። ፋይሉ የጠፋበት ሰው በቀጣዩ ወር ጥገና ሲመጣለት «አሁን አይሆንም» የሚለውን ቢጫን አይፈረድበትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

«የማይለወጥ ሶፍትዌር የሞተ ነው»

ዶናልድ ክኑዝ የተባሉት የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ የሠሩት ቴክ የሚባል የጽሑፍ ማቀናበሪያ አለ። በ1990 ከእንግዲህ አዲስ ነገር አይጨመርበትም አሉ፤ የሚገኝ ስህተት ብቻ ይታረማል። የቨርዥን ቁጥሩም ስህተት በታረመ ቁጥር ፓይ ወደተባለው የሒሳብ ቁጥር ይጠጋል፦ 3.14፣ 3.141፣ 3.1415 እያለ። የሒሳብ ሊቃውንት ዛሬም ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁት በእሱና በእሱ ላይ በተገነቡ ፕሮግራሞች ነው። ከኢንተርኔት ጋር ተያይዞ የሚሠራ ሶፍትዌር ሁሉ እንዲህ ይቁም ማለት አይቻልም፤ ቢያንስ ጥገናው አይቋረጥም። ተሠርቶ ያለቀ ሶፍትዌር ግን አለ።

«ባለበት ይቆይ የሚሉት ኮምፒውተር የማያውቁት ናቸው»

ይሄ ደግሞ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። ሰርቨር (ለብዙ ሰው አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር) የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ደቢያን ስቴብል ወይም ኡቡንቱ ኤልቲኤስ የተባሉትን ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሱ ሲስተሞች የሚመርጡት ብዙ ስለማይለዋወጡ ነው። የኡቡንቱ ኤልቲኤስ አንዱ ቨርዥን ለ5 ዓመት ጥገና ያገኛል።

«ጥገናውን ብቻ ለይቶ መስጠት አይቻልም»

ይቻላል። ኢንተርኔት መክፈቻው ፋየርፎክስ ለድርጅቶች ያዘጋጀው ኢኤስአር የተባለ ቨርዥን አለው። ጥገናው በየጊዜው ይመጣል፤ አዳዲስ አገልግሎቶች ግን በዓመት አንዴ ገደማ ነው የሚገቡት። አፕልም በ2021 የአይፎን ሲስተም የሆነውን አይኦኤስ 15ን ሲያወጣ ተጠቃሚው ከፈለገ አይኦኤስ 14 ላይ ቆይቶ የደኅንነት ጥገናውን ብቻ እንዲያገኝ ፈቅዶ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ምርጫውን አነሳው። ኩባንያዎች ይህን አማራጭ ለተራው ተጠቃሚም ከፍተው ቢተዉለት አፕዴቱን ጠቅልሎ የሚያጠፋው ሰው ይቀንሳል፤ ቀዳዳውም ይደፈናል።