የአዳማ ንፋስና የካርቦን ቅንጣቶች፦ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ፕላስቲክና ስለ ኃይል ማከማቻ

አዳማ የንፋስ ከተማ ናት። አዳማ አንድ የተባለው የንፋስ ኃይል ማመንጫ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። ሁለቱ ሲደመሩ 204 ሜጋ ዋት ይሆናሉ። ግን ንፋስ ቀጠሮ አያከብርም። ሁሉም ሲተኛ ይነፍስና ማታ ምጣድ ሲጣድ ጸጥ ሊል ይችላል።

ለአገሪቱ ዋና መስመር ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም። ንፋሱ ሲበረታ ግድቦቹ ውሃቸውን ይቆጥባሉ። በበጋ ውሃው ሲቀንስ ደግሞ ንፋሱ ይጠነክራል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ማከማቻ በጣም የሚያስፈልገው ከዚያ በታች ነው፦ ስልክ ላይ፣ የቤት ሶላር ላይ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባጃጅ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ የክትባት ማቀዝቀዣው መቆም በሌለበት ጤና ጣቢያ። እዚያ ሁሉ ውስጥ ጥቁር የካርቦን ዱቄት አለ።

ባትሪ ድንጋይ ሰብሮ ያየ ሰው ዱቄቱን ያውቀዋል። እጅ ከነካ ቶሎ አይለቅም። መካከሉ ላይ የቆመው ዘንግ ካርቦን ነው። ዱቄቱ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ሲሆን ከካርቦን ጥላሸት ጋር ተቀላቅሏል። ኃይሉ የሚመጣው ማንጋኒዙና መያዣው የተሠራበት ዚንክ በሚያደርጉት ኬሚካላዊ ለውጥ ነው። ማንጋኒዙ ግን ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ጥላሸቱ የገባው ለኤሌክትሮኖቹ መንገድ ለመክፈት ነው። ዛሬ በናኖ ደረጃ የሚሠራው አብዛኛው ነገር ይህንኑ ሥራ አሻሽሎ መሥራት ነው።

አንድ ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በዚህ መጠን ካርቦን ብዙ መልክ ይይዛል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1985 60 የካርቦን አቶሞች ኳስ ሠርተው ተገኙ። ይህ ፉለሪን ነው፤ ለኃይል ማከማቻ ግን ብዙም አልሆነም። በ1991 ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ የካርቦን ናኖትዩብን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳየ። ውፍረቱ ከጥቂት እስከ አሥር ቤት ናኖ ሜትር ነው፤ ርዝመቱ ግን የውፍረቱን ብዙ ሺህ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በ2004 ደግሞ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ግራፋይትን በስኮች ፕላስተር እየላጡ ግራፊንን ለዩ። ግራፋይት እርሳሳችን ውስጥ ያለው ነው። ግራፊን ደግሞ የእሱ አንድ ንጣፍ፣ ውፍረቱም አንድ አቶም ብቻ። የአንድ ግራም ግራፊን ስፋት በስሌት 2,630 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ለሥራው በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ተሰጣቸው።

ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ብለን ነው ያደግነው። ሽቦ የሚለበጠውም ለዚሁ ነው። ይህ እምነት የተናጋው በአንድ ስህተት ነው። በጃፓን በሂዴኪ ሺራካዋ ላቦራቶሪ ፖሊአሴቲሊን የተባለ ፕላስቲክ ሲሠራ የማፋጠኛው ኬሚካል መጠን በስህተት ሺህ እጥፍ ያህል ተጨመረ። እንደ ወትሮው ዱቄት በመሆን ፋንታ ብርማ ስስ ሽፋን ሆነ። በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ኬሚስት አላን ማክዳያርሚድ ይህን ሰምቶ ሺራካዋን ወደ አሜሪካ ጋበዘው። ከፊዚክስ ባለሙያው አላን ሂገር ጋር ሆነው በ1977 ሽፋኑን በአዮዲን ሲያክሙት የማስተላለፍ አቅሙ በሚሊዮኖች እጥፍ ዘለለ። በ2000 ሦስቱም የኬሚስትሪ ኖቤል ተቀበሉ። ፖሊአሴቲሊን አየር ላይ ቶሎ ስለሚበላሽ ከገበያ አልደረሰም። ተተኪዎቹ ፖሊአኒሊን፣ ፖሊፒሮልና ፔዶት ናቸው። ፔዶት ዛሬ ኮምፒውተር ቦርድ ላይ ባሉ፣ ኃይል ለአጭር ጊዜ በሚይዙ ካፓሲተሮች ውስጥ አለ።

እነዚህ ፕላስቲኮች ኃይልም ያከማቻሉ። ችግራቸው ሲሞሉ ማበጥ፣ ሲያልቁ መሸብሸብ ነው። ይህ በሺህ ጊዜ ሲደጋገም ይሰነጠቃሉ፤ የሚይዙት ኃይልም ይቀንሳል። ካርቦን የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

የጭቃ ቤት ሲመረግ ጭድ ለምን እንደሚቦካበት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጭዱ ጥቂት ነው። ግን ረጅም ስለሆነ ግድግዳውን ሁሉ አያይዞ ከመሰንጠቅ ያድነዋል። ናኖትዩብም ፕላስቲኩን እንዲሁ ይይዘዋል። በዚያ ላይ ጫፍ ለጫፍ ሲነካካ የኤሌክትሪክ መንገድ ይሆናል። መንገዱ ደግሞ ቀስ በቀስ አይከፈትም። ከአንድ መጠን በታች ምንም የለም፤ መጠኑ ሲታለፍ ማስተላለፍ በድንገት ይዘላል። ናኖትዩብ በክብደት ከመቶ አንድ እጅ በታች ሆኖ ይህን ሊያደርግ ይችላል። ቅንጣቱ ክብ የሆነው ተራ ጥላሸት ብዙ ጊዜ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል።

ፕላስቲኩም ብድሩን ይመልሳል። የግራፊን ንጣፎች ብቻቸውን ከተተዉ ተመልሰው ይደራረባሉ፤ ያ ሁሉ ስፋት ይጠፋል። ፕላስቲኩ በመካከላቸው ገብቶ ይለያቸዋል። በላቦራቶሪ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ናኖትዩብ እርስ በርሱ ይጓጉላል፤ ለመበተን የድምፅ ሞገድና ልዩ ኬሚካል ይጠይቃል። እኔ እንደማየው የብዙ ሙከራ ውጤት የሚወሰነው በዚህ አድካሚ ደረጃ ላይ ነው።

ከዚህ ቅልቅል የሚሠራው ዋና ነገር ሱፐርካፓሲተር ነው። ባትሪ ኃይልን በኬሚካል ለውጥ ያስቀምጣል። የካርቦን ሱፐርካፓሲተር ግን አየኖችን (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶችን) በካርቦኑ ገጽ ላይ ይሰበስባል። ስለዚህ በሰከንዶች ይሞላል፤ በመቶ ሺዎች ጊዜ ቢሞላም አይደክምም። የሚይዘው ግን ትንሽ ነው፦ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ዋት ሰዓት ያህል። የሊቲየም ባትሪ ከ150 እስከ 250 ይይዛል። ፖሊአኒሊን የሚጨመረው ይህን ልዩነት ለማጥበብ ነው። ሱፐርካፓሲተር በብዙ የንፋስ ተርባይኖች እምብርት ውስጥም ይገኛል። መብራት ድንገት ሲቋረጥ ክንፎቹን ከንፋሱ አዙሮ ማሽኑን የሚያድነው የእሱ ኃይል ነው።

በሊቲየም ባትሪም ካርቦን ቦታውን ይዟል። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ በየሻይ ቤቱ ነው። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ራሱ ደካማ አስተላላፊ ነው። ያለ ካርቦን ሽፋንና ያለ ጥላሸት ወይም ናኖትዩብ አይሠራም። በባትሪው ሌላ ጫፍ ግራፋይት አለ፤ በግራም 372 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል። ሲሊከን ከዚያ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል፤ ግን ሲሞላ እስከ 300 በመቶ ያብጣል። እሱንም የሚያቅፈው ካርቦንና አስተላላፊ ፕላስቲክ እንዲሆን እየተሞከረ ነው።

አዳማ በዚህ ሥራ የት ትገባለች? በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተቋቋመው የዛሬው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የቁሳቁስ ምህንድስናና ኬሚስትሪ ያስተምራል። ጥሬ ዕቃውም ቅርብ ነው። ወንጂ ላይ አገዳ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይጨመቃል። የሚቀረው ባጋስ ነው፤ ስኳር ፋብሪካዎች ቦይለር ያሞቁበታል። ባጋስ አየር በሌለበት ምድጃ ከስሎ፣ ከዚያ በእንፋሎት ወይም በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲታከም በናኖ ቀዳዳ የተሞላ ካርቦን ይሆናል። ስፋቱ በግራም ከ1,000 ካሬ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ስሙ እንደ ግራፊን አይገንንም። ለእኛ ግን ከውጭ በውድ ከሚገዛ ናኖትዩብ ይልቅ ዋጋ የሚኖረው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ፈተናም አለበት። የባጋስ አመድ አሸዋ ውስጥ ያለው ሲሊካ ይበዛበታል፤ በደንብ ካልታጠበ ኤሌክትሮዱን (ኃይል የሚያከማቸውን የዕቃውን ክፍል) ያበላሻል።

ለሚሠራበት ተማሪ ሁለት ነገር መናገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጤና ነው። የናኖትዩብ ብናኝ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም፤ አንደኛው ዓይነት ለካንሰር ሊዳርግ ይችላል ተብሎ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ተመድቧል። ደረቁን ዱቄት ያለ ጭስ መሳቢያና ያለ ተገቢ ጭምብል መክፈት አይገባም።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። የምርምር ጽሑፎች በግራም ይህን ያህል ፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) ያዘ ሲሉ ብዙ ጊዜ የተመዘነው ጥቁሩ ዱቄት ብቻ ነው። ብረቱ፣ ፈሳሹ፣ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች የሚለየው ወረቀትና መያዣው ሲጨመር ቁጥሩ ወደ ሩብ ሊወርድ ይችላል። ስስ ሆኖ የተቀባ ኤሌክትሮድ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ከወንጂ ባጋስ የተሠራ ሱፐርካፓሲተር የሚለካውም ሙሉ ዕቃው ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ ቢያንስ 10,000 ጊዜ ሞልቶ ካለቀ በኋላ ነው።