33 ኢኒንግ የፈጀው የፖታኬት ጨዋታ

ፖታኬት ሬድ ሶክስ 3፣ ሮቸስተር ሬድ ዊንግስ 2። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ተራ ውጤት ነው። ይህ ውጤት ግን እስኪገኝ ከሁለት ወር በላይ ፈጅቷል። በፕሮፌሽናል ቤዝቦል ታሪክ ከዚህ የረዘመ ጨዋታ የለም።

ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 1981 ቅዳሜ ምሽት፣ አሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ፖታኬት ከተማ ውስጥ በነበረው ማኮይ ስታዲየም ነው። ቡድኖቹ ይጫወቱበት የነበረው ኢንተርናሽናል ሊግ ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ፖታኬት ለቦስተን ሬድ ሶክስ፣ ሮቸስተር ደግሞ ለባልቲሞር ኦሪዮልስ ተጫዋች ያፈሩ ነበር።

ቤዝቦል እንደ እግር ኳስ 90 ደቂቃ የለውም። ሁለቱ ቡድኖች በየተራ እየመቱ 9 ኢኒንግ፣ ማለትም 9 ዙር ይጫወታሉ። እኩል ከሆኑ አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላሉ። በዚያ ምሽት 9ኛው ኢኒንግ 1 ለ 1 አለቀ። በ21ኛው ሮቸስተር አንድ አገባ። ተገላገልን ሲባል የፖታኬቱ ዌድ ቦግስ መትቶ 2 ለ 2 አደረገው። የቡድን ጓደኞቹ ይቀፉት ወይስ ይምቱት እንደጨነቃቸው ቦግስ በኋላ እየሳቀ ተናግሯል።

ነገሩን እዚህ ያደረሰው የተጫዋቾች ጀግንነት ብቻ አይደለም። የወረቀት ጉድለት ነው። በሊጉ ደንብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ50 በኋላ አዲስ ኢኒንግ አይጀመርም ነበር። ዳኞቹ በያዙት መመሪያ ላይ ግን ይህ አንቀጽ አልነበረም። ስለዚህ አስቀጠሉ። ብርዱና ነፋሱ ከባድ ነበር፤ ተጫዋቾች የተሰበሩ ዱላዎችን በርሜል ውስጥ እያነደዱ ይሞቁ ነበር። ሉዊስ አፖንቴ የተባለው የፖታኬት ኳስ ወርዋሪ ተራውን ጨርሶ በውድቅት ሌሊት ቤቱ ሲደርስ፣ ሚስቱ “ጨዋታ ላይ ነበርኩ” ያለውን አላመነችውም። ማን ያምናል?

በመጨረሻ የሊጉ ፕሬዚዳንት በስልክ ተገኙና ጨዋታው እንዲቆም አዘዙ። 32ኛው ኢኒንግ አልቆ፣ ሰዓቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ሆኗል። ቀኑም የምዕራባውያኑ ፋሲካ ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ የቀሩት ተመልካቾች 19 ብቻ ሲሆኑ፣ ለትዕግሥታቸው የነፃ መግቢያ ተሰጣቸው።

የቀረው ለጁን 23 ተቀጠረ። በዚህ መሃል የዋናው ሊግ ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ሌላ ቤዝቦል ስለጠፋ ጋዜጠኛው ሁሉ ወደ ትንሿ ፖታኬት ጎረፈ። ከ5,700 በላይ ሰው ስታዲየም ገባ። ሁሉም ነገር ግን በ18 ደቂቃ አለቀ። የፖታኬቱ ኳስ ወርዋሪ ቦብ ኦሄዳ ሮቸስተሮችን ያለ ነጥብ መለሳቸው። ከዚያ ዴቭ ኮዛ ኳሱን ወደ ግራ መታ፤ የቡድን ጓደኛው ማርቲ ባሬት ሮጦ ገባ፤ 3 ለ 2። የሁለቱ ቀን ጨዋታ ሲደመር 8 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሆናል።

በሜዳው ላይ ከነበሩት ሁለቱ ኋላ ትልቅ ስም አተረፉ። ቦግስ በ2005፣ የሮቸስተሩ ካል ሪፕከን ጁኒየር ደግሞ በ2007 የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ገቡ። አሳዛኙ የኮዛ ነገር ነው። ጨዋታውን የቋጨው እሱ ሆኖ ሳለ፣ በዋናው ሊግ አንድም ቀን አልተሰለፈም።

ክብረ ወሰኑ አሁንም አልተነካም፤ የሚነካም አይመስልም። ከ2018 ወዲህ በእነዚህ ዝቅተኛ ሊጎች ከ9ኛው በኋላ ያለው እያንዳንዱ ኢኒንግ የሚጀመረው አንድ ሯጭ ሁለተኛው ቤዝ (ነጥብ ለማግባት በየተራ ከሚረገጡት ማረፊያዎች አንዱ) ላይ ቆሞ ነው። ቡድኖቹ ቶሎ ነጥብ አግብተው እንዲገላገሉ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው።