አሜቴስጢኖስ

አሜቴስጢኖስ ሐምራዊ ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝ በጣም የተለመደ የማዕድን ዓይነት ሲሆን፣ ሐምራዊው ለጌጥ ይቆረጣል። ስሙን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ያውቀዋል፤ በራእይ 21 የከተማይቱ 12ኛ መሠረት እሱ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «የማያሰክር» ማለት ነው፤ ግሪኮች ከስካር ይጠብቃል ይሉ ነበር።

ቀለሙን የሚሰጡት በውስጡ ያለ ጥቂት ብረትና በዙሪያው ካለው ዐለት ለረጅም ዘመን የደረሰው የተፈጥሮ ጨረር ናቸው። በደቡብ ብራዚልና በኡራጓይ አርቲጋስ ክሪስታሉ የሚያድገው በጥንት የእሳተ ገሞራ ዐለት ባዶ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ቀለሙ ጫፉ ላይ ይከማቻል፤ ሥሩ የገረጣ ወይም ነጭ ነው። ስለዚህ ከትልቅ ቁራጭ የሚወጣው ጥሩ ፈርጥ ትንሽ ነው፤ ቆራጩም ደማቁን ክፍል ወደ ፈርጡ ግርጌ ያደርገዋል፤ ከላይ ሲታይ ቀለሙ ድንጋዩን ሁሉ የሞላ ይመስላል።

ዋጋው ያለው ቀለሙ ላይ ነው። ተፈላጊው ጠለቅ ያለ፣ ሲንቀሳቀስ ቀይ ብልጭታ የሚሰጥ ሐምራዊ ነው፤ ከመጠን በላይ ከጠቆረ ግን ማታ በመብራት ጥቁር ይመስላል። ፈርጡን በነጭ ወረቀት ላይ ገልብጠው ቢያዩት የቀለሙ መስመሮች ይታያሉ። ትልልቅ ድንጋይ በብዛት ስለሚገኝ፣ መጠኑ ሲጨምር የአንዱ ካራት (የፈርጥ ክብደት መለኪያ) ዋጋ እንደ ሩቢ፣ እንደ ቀዩ ውድ ድንጋይ፣ በፍጥነት አይንርም። ቀድሞ ከሩቢ ጎን ይቆጠር የነበረው ክብሩ የወረደው የብራዚል ክምችት ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ነው።

ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የሞስ መለኪያ 7 በመሆኑ ብርጭቆን ይጭራል። ይህ ፈተና ግን ሰው ሠራሹን አያጋልጥም፤ እሱም ኳርትዝ ነውና። ሁለቱን ለመለየት ብዙ ጊዜ የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ሐምራዊ ብርጭቆ ከሆነ ግን በማጉያ መነጽር ክብ የአየር አረፋ ይታይበታል፤ ከንፈር ላይ ሲያደርጉትም እንደ ኳርትዝ አይቀዘቅዝም።

ጠላቱ ሙቀት ነው። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ሐምራዊው ጠፍቶ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ይሆናል፤ በገበያ ሲትሪን ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው እንዲህ የተጠበሰ ነው። ስለዚህ ቀለበት በእሳት ሲበየድ መጀመሪያ ፈርጡ ይወልቃል፤ አንጥረኛው ከቸኮለ ድንጋዩ ይገረጣል ወይም ይሰነጠቃል። አንዳንዱ በፀሐይም ስለሚደበዝዝ መስኮት ላይ አይቀመጥም። ሲቆሽሽ በለብታ ውኃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። አቧራው በደረቅ ጨርቅ አይጠረግም፤ በአቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ብናኝ እኩል ጠንካራ ስለሆነ ልስላሴውን ያደበዝዘዋል።