ቫኑዋቱ ላይ ካምፓኒ ስለመክፈት የሚወራውና እውነታው

ዲሲ አካባቢ ታክስ ነው የምሰራው፣ ዘንድሮ ደጋግመው የጠየቁኝ ነገር ቢኖር ቫኑዋቱ ላይ ኦፍሾር ካምፓኒ (ባለቤቱ በማይኖርበት ሀገር የሚመዘገብ ካምፓኒ) ስለማውጣት ነው። ለማያውቃት፣ ቫኑዋቱ ከአውስትራሊያ በስተምስራቅ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ወደ 80 ደሴቶች ያሏት ሀገር ናት፣ ዋና ከተማዋ ፖርት ቪላ፣ እስከ 1980 ድረስ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጋራ ይገዟት ነበር፣ ለውጭ ሰው የሚሆን የካምፓኒ ህግ ያወጣችው በ1992 ነው (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ስለሷ ከሚወራው ብዙው ልክ አይደለም፣ ሰው ደሞ የሚያውቀው ብሩን ከከፈለ በኋላ ነው፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

"እዛ ታክስ ስለሌለ እኔም አልከፍልም"

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ቫኑዋቱ ኢንካም ታክስ የላትም፣ እውነት ነው፣ ለራሷ ዜጎችም የለም፣ መንግስቷ የሚሰበስበው 15 በመቶ ቫት፣ የጉምሩክ ቀረጥና የተለያየ ክፍያ ነው። ግን ታክስ የሚጠይቃችሁ ካምፓኒው የተመዘገበበት ሀገር ብቻ ሳይሆን እናንተ የምትኖሩበትም ጭምር ነው። የአሜሪካ ዜግነት ወይ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ገቢው ከየትም ይምጣ ማሳወቅ አለበት፣ ካምፓኒው የሱ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በየአመቱ የውጭ ካምፓኒውን ለአሜሪካ ታክስ መስሪያ ቤት የሚያሳውቅበት ፎርም 5471 የሚባል አለ፣ እሱን አለመሙላት ብቻውን 10,000 ዶላር ያስቀጣል፣ ካምፓኒው አንድ ዶላር ባያተርፍም። ውጭ ሀገር ያሉት አካውንቶች ተደምረው በአመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ደሞ ኤፍባር የሚባለውን የውጭ አካውንቶች ማሳወቂያ መላክ ግድ ነው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታስቡትም ብትሆኑ ያው ነው። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) ነዋሪ የሆነ ሰው ውጭ ሀገር ያገኘውንም ገቢ ይጨምራል፣ ካምፓኒውም ቢሆን የትም ይመዝገብ፣ በተግባር የሚመራው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ እንደ ኢትዮጵያ ነዋሪ ነው የሚታየው። የብሄራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ደሞ ሌላ ጣጣ ነው።

"ባለቤቱ እኔ መሆኔን ማንም አያውቅም"

ድሮ ይሄ እውነት ነበር ማለት ይቻላል። 21 ካሬ ኪሎሜትር የሆነችው ሌላዋ የፓስፊክ ደሴት ናኡሩ በ1990ዎቹ ለማዳበሪያ የምትሸጠው ፎስፌት እያለቀ ገንዘቡም ሲያልቅባት የባንክ ፈቃድ መሸጥ ጀመረች፣ ወደ 400 የሚሆኑ ህንፃም ሰራተኛም የሌላቸው ባንኮች ተመዘገቡባት፣ የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ባለስልጣን በ1998 ብቻ 70 ቢሊዮን ዶላር በነዚህ ባንኮች በኩል ከሀገር እንደወጣ ተናገሩ። ከዛ 2000 ላይ ፋትፍ (ገንዘብ ማጠብን የሚከታተል አለም አቀፍ ድርጅት) ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገባች፣ ባንኮቹን ዘግታ የወጣችው በ2005 ነው። 2016 ላይ ደሞ ፓናማ ፔፐርስ የሚባለው ከአንድ የፓናማ የህግ ቢሮ ሾልኮ የወጣ ሰነድ ሲወጣ የኒዌና የሳሞአ (እነሱም የፓስፊክ ደሴቶች ናቸው) ካምፓኒዎች ዝርዝርም አብሮ ወጣ።

አሁን ሲአርኤስ የሚባል ስርዓት አለ፣ ሀገሮች የባንክ አካውንት መረጃ በየአመቱ የሚለዋወጡበት ነው፣ እና ባንኩ የሚጠይቀው የካምፓኒውን ስም ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ሰው ማንነትና የት ሀገር ታክስ እንደሚከፍል ነው። ስለዚህ ካምፓኒው ቫኑዋቱ፣ አካውንቱ ሲንጋፖር ቢሆንም መረጃው ወደምትኖሩበት ሀገር ሊሄድ ይችላል። አሜሪካ ሲአርኤስ ውስጥ ባትኖርም ከ2010 ጀምሮ ፋትካ የሚባል፣ የውጭ ባንኮች የአሜሪካውያንን አካውንት እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የራሷ ህግ አላት።

"ኦፍሾር ማለት ሌብነት ነው"

ይሄም ልክ አይደለም። ሌላዋን የፓስፊክ ሀገር፣ የማርሻል ደሴቶችን ባንዲራ የሚያውለበልቡ መርከቦች በአለም ላይ ከሁሉም ከሚበዙት ውስጥ ናቸው፣ የመርከቦቹ ባለቤት ካምፓኒዎችም ብዙዎቹ እዛው የተመዘገቡ ናቸው፣ ህጋዊ ስራ ነው፣ ባንክም ያበድራቸዋል። የመርከቦቹን መዝገብ የሚያስተዳድረው ቢሮ ደሞ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሬስተን ነው ያለው፣ ብዙ ሀበሻ በየቀኑ በመኪና የሚያልፍበት ሰፈር። ካምፓኒ ማውጣቱ አይደለም ወንጀሉ፣ ገቢን መደበቁ ነው።

"ካምፓኒ ካወጣሁ ፓስፖርቱም ይመጣል"

አይመጣም። የቫኑዋቱ ዜግነት ከካምፓኒው ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ከ100,000 ዶላር በላይ የሚያስከፍል ሌላ ፕሮግራም ነው፣ እሱንም ቢሆን ብዙ ሰው የሚፈልገው ለአውሮፓ ነበር፣ የአውሮፓ ህብረት ያለቪዛ መግባቱን በ2022 አግዶ በ2024 መጨረሻ ጭራሽ ሰረዘው።

"ካምፓኒው ካለ ባንክ አይቸግርም"

የሚቸግረው ባንኩ ነው። ምዝገባውንማ ኤጀንቱ በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። የአውሮፓ ህብረት ግን ቫኑዋቱን በ2016 ገንዘብ የማጠብ ስጋት ካለባቸው ሀገሮች፣ በ2019 ደሞ በታክስ ከማይተባበሩት ጋር መድቧታል፣ ባንኮች ስሟን ሲያዩ ጥያቄ ያበዛሉ፣ ብዙዎቹም ዝም ብለው አይሆንም ይላሉ። በኢንተርኔት ክፍያ የሚያስተላልፈው ስትራይፕም የቫኑዋቱ ካምፓኒ አይቀበልም። የማውቀው ልጅ፣ ለአውሮፓ ደንበኞች ሶፍትዌር የሚሰራ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ለኤጀንት ከፍሎ ማህተም ያለበት ወረቀት በፖስታ መጣለት፣ ከዛ ስምንት ወር ሙሉ ባንክ ሲለምን ከርሞ አካውንት ሳያገኝ የአመቱ ማሳደሻ ደረሰበት። በመጨረሻ ዘጋውና ሜሪላንድ ላይ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ካምፓኒ) አወጣ፣ በዛው ሳምንት አካውንት ተከፈተለት። ለኤጀንቱ የከፈለው ግን አልተመለሰለትም፣ እኔም ምንም ባያተርፍም ለዛ አመት 5471ን ሞላሁለት።