በቁራሽ የተገኘ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ስለ ትምህርት ጥቅም ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው የተማረ ሰው ስለሚያገኘው ሥራ፣ ደመወዝና ክብር ነው። ይህ ሐሰት አይደለም፤ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ግን ከዚያ አስቀድመው የተማረ ሰው ባለ ዕዳ መሆኑን ያሳዩናል።

ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከአገሩ ርቆ የሚማረውን የቆሎ ተማሪ አስቡት። ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ ዳዊት ከደገመ በኋላ ወደ ዜማ ወይም ወደ ቅኔ ቤት ይሄዳል፤ እንደ ጸጋውም ወደ አቋቋም ወይም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይሻገራል። በዚህ ሁሉ ዘመን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም ቁራሽ ሲሰጡት የኖሩት እናቶች አብዛኞቹ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ልጁ የሚማረውንም ግእዝ የማይሰሙ ነበሩ። ራሳቸው የማያነቡትን መጽሐፍ ሌላው እንዲያነብላቸው ከልጆቻቸው እንጀራ ቆርሰው ሰጡ። እኔ በበኩሌ ለትምህርት ክብር ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም። ጉባኤ ቤቱም ዕዳው እስኪከማች አይጠብቅም፤ ገፋ ያለው ደቀ መዝሙር፣ ገና ራሱ እየተማረ፣ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የተማረውን ያስጠናዋል ማለት ነው።

የዘመናዊው ትምህርትም ከዚህ የተለየ አይደለም። አንዱ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ይሆን ዘንድ ግብሩን የከፈለ ገበሬ አለ፤ ወንድሟ እንዲማር እንስራ ተሸክማ ቤት የቀረች እኅትም አለች። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሃይማኖትን በሚገፋ መንግሥት ዘመን የተካሄደ ቢሆንም፣ በዚያ ፊደል የለዩ እናቶች ኋላ ውዳሴ ማርያምን ራሳቸው ገልጠው ሲያነቡ አይቻለሁ። እግዚአብሔር ለበጎ የማያውለው ፊደል የለም።

የኢትዮጵያዊቱ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ፣ ማንበብም የሚችል ሰው ነበር፤ ነገር ግን ፊልጶስ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ ሹመቱ ሳያሳፍረው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ (ሐዋ. 8፥31)። ንባብ ብቻውን አልበቃውም፤ ፊልጶስም መልሱን ከመንገድ ዳር ሆኖ ተናግሮ አላለፈም፤ ሰረገላው ላይ ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ እንጂ። እንግዲህ በየአጥቢያችን መጽሐፉን ይዞ የሚቸገር ልጅ፣ በስተርጅናም ማንበብ የሚመኝ አባት ካለ፣ በሰው ቁራሽ የተማርን እኛ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታችን ከመቸኮላችን በፊት ከጎኑ እንቀመጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።